ብሩሽና ብዕር በአንድ እጅ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽመው ተማሪዎች በየዕለቱ የምንሰማው ጥያቄ «ምን ልትሆኑ ነው?» የሚል ነው። ከመካከላችን ሥዕል መሣልም ግጥም መጻፍም የሚወድ ቢገኝ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ተብሎ ይመከራል። ምክሩን እናከብራለን። ነገር ግን የሠዓሊውንና የባለቅኔውን የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሕይወት ስንመለከት፣ ዛፉ በእርግጥ ሁለት ነውን? ብለን እንጠይቃለን።

ገብረ ክርስቶስ በሐረር በ1932 ተወለደ፤ ዘመኑን ሁሉ የምንናገረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሊቅ ሲሆኑ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። በብራና ገጽ ላይ ፊደልና ሥዕል ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ስለዚህ ሁለቱ ለልጁ ከቤቱ ጀምሮ የተዛመዱ ነበሩ።

ከ1957 እስከ 1961 በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ሥዕል ተማረ። ተመልሶም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ሥራውን በ1963 ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፣ በቅርጽና በቀለም ብቻ የሚናገረው ሥዕሉ ብዙዎችን ግራ አጋባ፤ የፈረንጅ ነው ብለው የነቀፉትም ነበሩ። ሆኖም በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት ሸለመው።

በግጥሙም ከተለመደው የቤት አመታት ወጥቶ አዲስ መንገድ ፈለገ። ይሁን እንጂ በሥዕሉ ባዕድ የተባለው ይኸው ሰው፣ ኢትዮጵያውያን እስከ ዛሬ በፍቅር የሚያነቡትን «ሀገሬ» የተባለውን ግጥም ጻፈ። አንዱን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰውየውን በግማሹ ያውቀዋል፤ ሁለቱን ያየ ግን አንድ ልብ በሁለት ቋንቋ ሲናገር ይሰማል። እንግዲህ ዛፉ አንድ ነው፤ ቅርንጫፉ ነው ሁለት።

በደርግ ዘመን ተሰደደ፤ በ1981 ዐምሳ ዓመት ሳይሞላው በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ አረፈ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ ተሰብስበው የታተሙት በ2006፣ ከሞተ ከ25 ዓመት በኋላ ነው። በ2008 ደግሞ በአዲስ አበባ በስሙ የተሰየመ የሥነ ጥበብ ማዕከል ተከፈተ። ይህን ሁሉ ክብር በዓይኑ አላየም።

ወላጆቻችን ሆይ፤ ሁላችንም ገብረ ክርስቶስን እንሆናለን አንልም። እርሱም ስም ያገኘው ዓመታት ተምሮና ተግቶ ሠርቶ ነው፤ ስለዚህ ለስንፍናችን ምክንያት አናደርገውም። የምንለምናችሁ ግን በደብተሩ ጠርዝ የሚሥለውን ልጃችሁን ከመቆጣታችሁ በፊት ሥዕሉን አንድ ጊዜ እንድትመለከቱለት፣ ስንኙንም እንድትሰሙለት ነው። ምስጋና ከሞት በኋላ ከሚደርስ፣ መንገድ በጊዜ ቢሰጥ ይሻላል።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑርልን።