በቤት የሚበቅለው ተክልና የፍሬው ሒሳብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ዛሬ የምንነጋገርበት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን የብዙ ወገኖቻችንን ደጃፍ የረገጠ ስለ ሆነ በዝምታ ልናልፈው አልወደድንም። ይኸውም ካናቢስ፣ በብዙ ሰው አፍ ሐሺሽ የሚባለውን ተክል፣ በቤት ውስጥ ስለ ማብቀልና ምርቱን እየመዘኑ በመዝገብ ስለ መጻፍ ነው።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አደንዛዥ ዕፅን ማምረትንም መጠቀምንም ስለሚከለክል፣ በአገር ቤት ላለው ነገሩ ግልጽ ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት በዋሽንግተን ከተማ ግን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2015 ጀምሮ፣ ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው ሰው በመኖሪያ ቤቱ እስከ 6 ተክል እንዲያበቅል ተፈቅዶለታል፤ ከእነዚህም ለአበባ የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። በአጠገቧ ባለችው በቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ ለአንድ ቤት 4 ተክል፣ በሜሪላንድም ከ2023 ጀምሮ 2 ተክል ተፈቅዷል። ስለዚህ «ሕጉ ከፈቀደ ምን ነውር አለበት?» የሚል ጥያቄ ከልጆችም ከወላጆችም ይሰማል።

አስቀድመን እውነቱን እንናገር። እግዚአብሔር የፈጠረው ዕፅ ሁሉ በተፈጥሮው መልካም ነው። ከዚሁ ተክል ግንድ የሚገኘው ቃጫ ከጥንት ጀምሮ ገመድና ጨርቅ ሲሠራበት ኖሯል፤ ከእርሱ ተጣርቶ የወጣ መድኃኒትም በ2018 በአሜሪካ መንግሥት ጸድቆ፣ በብርቱ የሚጥል በሽታ ለሚሠቃዩ ሕፃናት በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል። እንግዲህ ክርክራችን ከተክሉ ጋር አይደለም፤ ተክሉን አእምሮውን ለማደንዘዝ ከሚሻው ከሰው ፈቃድ ጋር ነው።

ይህን ተክል በቤቱ የሚያበቅለውን ሰው ትጋት ተመልከቱ። ዘር እንዳይቋጠርና የሴቲቱ አበባ በሙጫ እንዲከብድ ወንዱን ተክል ለይቶ ይነቅላል። አበባ እንዲያወጣ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ይሰጠዋል። ዘሩ የተተከለበትን ቀን፣ ያጠጣውን ውሃ፣ መብራቱ የበራበትን ሰዓት ሳይታክት ይጽፋል። ሲቆርጠው ይመዝነዋል፤ ሲደርቅም ከክብደቱ ሦስት አራተኛው ያህል በውሃነት ስለሚጠፋ እንደ ገና ይመዝነዋል። ከዚያም ከአንዱ ተክል ይህን ያህል ግራም፣ ከሁለተኛው ይህን ያህል ግራም ብሎ በመዝገቡ ያሰፍራል። ከዚህ ትጋት እኩሌታውን ለጸሎት ብናውለው ምንኛ በከበርን ነበር!

ገበሬያችንም በአውድማው ላይ እህሉን በቁና ይሰፍራል። ነገር ግን ሰፍሮ ብቻ አያበቃም፤ ይህ ለዘር፣ ይህ ለልጆች ቀለብ፣ ይህ ለዝክር፣ ይህ ለነዳያን ብሎ ይከፍለዋል። የምርት ሒሳብ የሚፈጸመው ማንን እንደ መገበ ሲታወቅ ነው። እኛም መዝገብ ያዡን ወንድማችንን፣ «ግራሙን ጽፈሃል፤ ይህ ምርት በቤትህ ማንን መገበ?» ብለን በፍቅር እንጠይቀዋለን።

መልሱን ራሱ ይጻፈው ዘንድ፣ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። በአሜሪካ የተያዘው ካናቢስ በተመረመረ ጊዜ፣ አእምሮን የሚለውጠው ንጥረ ነገር በ1995 ከመቶ 4 ያህል ነበረ፤ በ2014 ግን ከመቶ 12 ያህል ደርሶ ተገኝቷል። የአገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እንደሚያስረዳው፣ ከ10 ተጠቃሚዎች 3ቱ ያህሉ ለመተው እስኪቸገሩ ድረስ ይያዛሉ። የሰው አንጎል እድገቱን የሚፈጽመው በ25 ዓመት ገደማ ነው ይባላል፤ ሕጉ የሚፈቅደው ግን በ21 ነው። እንግዲህ በሕግ የተፈቀደ ሁሉ ለሰውነት የተመቸ እንዳልሆነ ሐዋርያው ካስተማረው ትምህርት ጋር የሐኪሞች ምርመራ ይስማማል።

ገና ዜግነት ያላገኛችሁም ልብ በሉ። የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት በ2019 እንዳስታወቀው፣ ከካናቢስ ጋር የተያያዘ ድርጊት፣ ነዋሪው ያለበት ግዛት የፈቀደው እንኳ ቢሆን፣ ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ጠባይ መመዘኛ ሊያሳጣ ይችላል። ለጥቂት ግራም ደረቅ አበባ የብዙ ዓመት ድካም ሊጠፋ ነውን?

ስለዚህ፣ ወንድማችን ሆይ፣ መዝገብህን አትቅደደው፤ ከግራሙ ዓምድ ጎን ሌላ ዓምድ አስምርበት። ለ40 ቀን ያህል በእውነት ጻፍ፤ ያመለጠህን ቅዳሴ፣ ያስታጎልኸውን ጸሎት፣ ሳትነሣ ያረፈድህበትን ሥራ፣ ለእናትህ ሳትደውል ያለፈውን ሳምንት፣ ልጅህ ሲያናግርህ ሳትሰማው የቀረኸውን ቃል። ከዚያ በኋላ ሁለቱን ዓምዶች አስተያይ። ፈራጁ እኛ አይደለንም፤ በእጅህ የጻፍኸው ይፈርድልሃል፤ ዛፍ በፍሬው ይታወቃልና።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በዚህ ነገር ተይዞ ብታገኙት ከቤት አታባርሩት፤ የጠፋውን ልጅ አባቱ የተቀበለው ደጁን ከፍቶ ነውና። ወደ ነፍስ አባቱም ወደ ሐኪምም ውሰዱት፤ አንዱ ሌላውን አይሽርም። በቤታችሁ ይህ ነገር ካለ ደግሞ ሕፃናት ከማይደርሱበት ስፍራ ሳይሆን፣ ጨርሶ ከቤታችሁ ይውጣ።

በነቀላችሁበትም ማሰሮ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ትከሉበት፤ ባዶ አፈር አረም ያበቅላልና፤ ባዶ ልብም እንዲሁ ነው። በልባችን ላይ የተዘራው ቃል ሠላሳ፣ ስድሳ፣ መቶም ያፈራ ዘንድ እግዚአብሔር ይርዳን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።