የሃይድሮሊክ እግር ዘይት ሲያፈስ

በቤይሩት ከባድ የቤት ዕቃ ወደ ፎቅ ብዙ ጊዜ የሚወጣው በማንሻ መኪና ነው። መኪናው በሃይድሮሊክ እግሮች ተደግፎ ይቆማል። የእግሩ ቱቦ መጋጠሚያ ሲያፈስ ቦታው የሚፈለገው በካርቶን ነው፤ በእጅ ፈጽሞ አይዳበስም። በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ኢምንት ቢመስልም አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ቀጥሎ እግሩ ይሰበሰባል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ግፊቱ ይለቀቃል። አንድ ቁልፍ መጋጠሚያውን ይይዛል፣ ሌላው ዳዶውን ያጠብቃል። ከልክ በላይ ማጥበቅ መቀመጫውን ያበላሻል። መጋጠሚያው ጎሚኒ ካለው፣ ያረጀው በልኩ ይቀየራል። በ37 ዲግሪ ሾጣጣ መጋጠሚያ ላይ ቴፍሎን መጠቅለል ስህተት ነው፤ ዘይቱን የሚያግደው የብረቶቹ ግጥምጥሞሽ ነውና። ዘይቱ ቱቦው ከብረቱ ጋር ከተጨመቀበት ቦታ ከወጣ ግን ማጥበቅ አይረዳም፤ ቱቦው በሙሉ ይለወጣል።