«ቼ በለው»፦ ስለ ዋልያስ ባንድ ሥራና ውርስ

(በራዲዮ የተነገረ)



በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር ተገኝቶ ያየ ሰው፥ «ቼ!» የምትለውን ቃል ከማንም ይልቅ ያውቃታል። ፈረሰኛው ልጓሙን ለቀቅ አድርጎ ይህችን አንዲት ድምፅ ሲያሰማ፥ ያጌጠው ፈረስ ሜዳውን አቋርጦ ይጋልባል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ አባት ሲደክም ልጅ ኮርቻውን እየተረከበ እስከ ዛሬ ደርሷል።

ዛሬ የማወሳው ግን ስለ ፈረስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1977 በአዲስ አበባ «ቼ በለው» የተባለ የሙዚቃ ሸክላ ወጥቶ ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ሸክላውን ያወጣው ዋልያስ ባንድ ነው። የዚህ ባንድ ዜማ ምናልባት ስሙን ሳታውቁት በጆሮአችሁ ያለ ነው፤ እኔንም ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝ ይኸው ስሙን ሳያውቁ ዜማውን ማወቅ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ዋልያ በሰሜን ተራሮች የሚኖር፥ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ የዱር ፍየል ነው። መሥራቾቹ ይህን ንጹሕ የአገር ስም ወስደው በመጨረሻው የእንግሊዝኛውን የብዙ ቁጥር «ስ» ቀጠሉበት። ሰዋስው አዋቂ ይህን ሲያይ ፊቱን ሳያጠቁር አይቀርም፤ በእኔ አስተያየት ግን ሥራቸውን ልክ የሚገልጽ ስም ነው። ዛሬስ ልጆች ዘንድ «ዋልያ» ሲባል የሚታሰበው የእግር ኳሱ ብሔራዊ ቡድን ስለሆነ፥ ባንዱ በስሙ እንኳ ተቀድሟል።

ባንዱ የተቋቋመው በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ ቬኑስ በተባለው የአዲስ አበባ የምሽት ክበብ ይጫወቱ በነበሩ ሙዚቀኞች ነው። ኃይሉ መርጊያ በኦርጋን፥ ግርማ በየነ በፒያኖ፥ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎን፥ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፥ መላከ ገብሬ በቤዝ ጊታር፥ ማሕሙድ አማን በጊታር፥ ተማረ ሐረጉ በድራም ይጫወቱ ነበር። ከዚያም በሂልተን ሆቴል ዐሥር ዓመት ያህል ለሚሆን ጊዜ ሠሩ። በሆቴሉ እንግዳው ከየአገሩ የመጣ ስለሆነ፥ የውጭውንም የአገር ቤቱንም ስልት በአንድ ምሽት ማዳረስ ግዴታቸው ነበር።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው፥ ሶሉ ወፍራም፥ ተረከዙ ረጅም ጫማ ተጫምተው መድረክ የሚወጡ ባንዶች ወጣቱን ማርከውት ነበር። ከእነርሱ አንዱ ስሌድ የተባለው ነው። ይህ ባንድ በ1973 ለገና ያወጣው ዘፈን የፈረንጆቹ በዓል በቀረበ ቁጥር እስከ ዛሬ ይሰማል። እንግሊዛዊው ዘፈኑን ሲሰማ የዘፋኙን የኖዲ ሆልደርን ድምፅ ይለያል፤ መልኩንና ባርኔጣውንም ያስታውሳል። የዋልያስ ዕጣ ከዚህ የተለየ ሆነ።

ለምን ቢባል፥ «ቼ በለው» ዘፋኝ የሚመራው ሸክላ አይደለም። በአገራችን ሙዚቃ ዘወትር የሚከበረው ግጥሙና የሚያዜመው ሰው ነው፤ መሣሪያው አጃቢ ነው። ዋልያሶች ግን የዘፋኙን ቦታ ለኦርጋኑ ሰጡት። ይህም ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ማሲንቆ ከድምፅ ወደ ድምፅ ሲሸጋገር እንደ ሰው ጉሮሮ ይንሸራተታል፤ የኦርጋን ቁልፍ ግን ወይ ይጫኑታል ወይ ይተዉታል፤ መካከል የለውም። አቶ ኃይሉ ይህን ጉድለት በጣቶቻቸው ፈጣን ሽርክት ሞሉት፤ በአምስት ድምፅ የተሠራውን የአገር ቤት ቅኝት ሳይለቁ ኦርጋኑን አናገሩት። ከሥር ቤዙ አንዱን ሐረግ እየደጋገመ መሬቱን ይይዛል፤ ሳክስፎኑና ትራምፔቱ በአንድነት ጥሪ ያሰማሉ። በዚሁ ሸክላ ላይ ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ተሳትፈዋል። «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ዜማ ከሁሉ ይልቅ ዝናን ያተረፈ ነው።

ቃል የሌለው ዜማ ሌላም ጥቅም ነበረው። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፤ የዘፈን ግጥም ይመረመር ነበር፤ ግጥም የሌለውን ዜማ ግን ሳንሱሩ በምን መስመር ይሰርዘዋል? በአዊ ምድር ደግሞ አንዱ ቤት በአዊኛ፥ ሌላው በአማርኛ ሲያወጋ ቢውል፥ ኦርጋኑ ለሁለቱም አስተርጓሚ ሳይፈልግ ይደርሳል። ነገር ግን ይኸው ጥቅም ጉዳትም አለው። ስም የሚጠራ ቃል በሌለበት የባለዜማው ስም ይጠፋል። በዝግጅት መካከል ክፍት ቦታ መሙያ ሆኖ የሚሰማን ዜማ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ከ1974 ወዲህ በከተማው የሰዓት እላፊ ስለታወጀ የምሽቱ ሕይወት ተጨነቀ። በ1981 ዋልያስ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ወደዚያ አገር ሄደው ከተጫወቱት የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንዶች አንዱ ነው። ማሕሙድ አሕመድና ጌታቸው ካሳም አብረው ዘፍነዋል። አዳራሹን የሞላው ሕዝብ በአብዛኛው አገሩን ጥሎ የተሰደደ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ኃይሉ፥ ግርማ፥ ሞገስና መላከ በዚያው ቀሩ፤ የቀሩት ወደ አገራቸው ተመለሱ። አንድ ባንድ እንደ ፈረሰኞቹ ማኅበር ኮርቻ የሚረከብ ልጅ የለውም፤ ሰባቱ ሰዎች በውቅያኖስ ሲለያዩ ድምፁም ተለያየ። በዚያ ከቀሩት መካከል ዙላ የተባለ ባንድ ያቋቋሙ ነበሩ፤ የቀድሞውን ያህል ግን አልሆነም።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ በኋላ ያለውን ነገር ሳስበው ልቤ ይከፈላል። ግርማ በየነ ከሙዚቃ ርቀው ብዙ ዓመት ኖሩ። ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን የታክሲ ነጂ ሆኑ። በመኪናቸው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ይይዙ ነበርና፥ በአውሮፕላን ማረፊያው ተራቸውን ሲጠብቁ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። የተሳፈረው ሰው ሾፌሩ ማን እንደሆነ ከየት ያውቃል?

ታክሲ ከመንዳታቸው በፊት ግን በ1985 ብቻቸውን ስቱዲዮ ገብተው፥ አኮርዲዮን፥ የኤሌክትሪክ ፒያኖና አዳዲስ ኪቦርዶችን አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ አንድ ካሴት ቀርጸው ነበር። ካሴቱ ወደ አገር ቤት ገባና ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ። በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ በባሕር ዳር አንድ ካሴት ቤት አገኘው። ከዳንግላ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው! ሰውየው ባለቤቱን ፈልጎ በስልክ አገኛቸውና በ2013 ካሴቱን እንደገና አሳተመው፤ አቶ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ በ2018 «ላላ በሉ»ን፥ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጡ። ግርማ በየነም በ2017 ከፈረንሳዩ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር አዲስ ሥራ ቀረጹ። «ሙዚቃዊ ስልት»ን ደግሞ የቦስተኑ ኢዘር ኦርኬስትራ ቀደም ብሎ በ2000 በሸክላው አስገብቶት ነበር፤ ባንዱ በ2004 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶም ተጫውቷል።

የውጭ ሰው ቀድሞን ስላገኘው አልቆጣም፤ ሰውየው ያደረገው በጎ ነገር ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ካሴቱ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ተጭኖ ከሆነ፥ ባሕር ዳር ከመድረሱ በፊት በእንጅባራና በዳንግላ አልፏል፤ ከጭነቱ ጥቂቱም በእነዚህ ከተሞች ሳይራገፍ አልቀረም። በየቤቱ ከአልጋ ሥር ያለው የካርቶን ሳጥን ዛሬም አለ፤ ካሴቱ በእርጥበት ተጣብቆ፥ የሽፋኑ ወረቀት ወልቆ ይሆናል። ሳጥኑን የምትከፍቱ ሰዎች ዘፋኝ የሌለበት፥ ኦርጋን ብቻ የሚሰማበት ካሴት ካገኛችሁ፥ ከመጣላችሁ በፊት ጀርባውን አገላብጣችሁ የተጻፈውን ስም አንብቡልኝ።