ስለ ጣዝማ ቤትና ስለ ነቀርሳ መድኃኒት ፍለጋ
(በሬዲዮ የተነገረ)



ከዳባት ወይም ከወገራ ታማሚ ሊጠይቅ ወደ ጎንደር ከተማ የሚወርድ ዘመድ፣ ብዙ ጊዜ ከጋቢው ሥር አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ይገባል። በውስጧ ያለው የጣዝማ ማር ነው። ለሳል፣ ለሆድ ሕመምና ለቁስል ይበጃል እየተባለ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ዋጋውም ከተራው ማር ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ነቀርሳንም ያድናል የሚል ሰው አይታጣም። የዛሬው ንግግሬ ይህ አባባል በምን ዓይነት ምርመራ እንደሚፈተን የሚገልጽ ነው።

ሊቃውንት ሜሊፖኑላ ቤካሪ የሚሏት ጣዝማ መናደፊያ የላትም። የምትኖረውም ከመሬት በታች ነው፤ ማሯን የምታኖረው እንደ ቀፎ ንብ በማር እንጀራ ሳይሆን፣ ከሰምና ከዛፍ ሙጫ በሠራቻቸው እንስራ መሰል ትንንሽ ዕቃዎች ነው። ተመራማሪን ከማሩ ይልቅ የሚያጓጓው ይኸው ሙጫ ነው፤ ዛፍ ራሱን ከተባይና ከሻጋታ ለመከላከል ያመነጨውን ንቢቱ ሰብስባ ቤቷን ትለስንበታለችና። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 በኒው ዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ የቀፎ ንብ ከምትሰበስበው ሙጫ፣ ማለት ከፕሮፖሊስ፣ ከጤነኛው ሴል ይልቅ የነቀርሳውን ሴል አብልጦ የሚገድል ንጥረ ነገር ማግኘታቸውን ገለጹ። ነገሩ የታየው ግን በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢጻፍለትም ለሕሙማን የሚታዘዝ የነቀርሳ መድኃኒት አልሆነም።

በእኛም አገር፣ በ1947 ዓ.ም. በጤና ጥበቃ ኮሌጅነት በተቋቋመው በዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የጣዝማ ማር ለብቻውና ከነጭ ሽንኩርት ጋራ ተቀላቅሎ በባክቴሪያዎች ላይ ተሞክሮ፣ ውጤቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ነገር ግን ባክቴሪያ ሌላ ነው፤ ነቀርሳ ሌላ።

ምርመራው እንዲህ ነው። ሙጫው በአልኮል ተዘፍዝፎ ይጣራል፤ አልኮሉ እንዲተን ተደርጎ የቀረው ይመዘናል፤ ከዚያም በልዩ ልዩ መጠን እየቀጠነ በነቀርሳ ሴሎች ላይ ይፈስሳል። ቀጥሎ ቢጫ ቀለም ይጨመራል፤ በሕይወት ያሉት ሴሎች ወደ ወይን ጠጅ ቀለም ይለውጡታል፤ የሞቱት አይለውጡትም። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፤ ካቲካላም ቢያፈሱበት ሴሉ ይሞታልና! ማሩ ራሱ የሚሞከር ከሆነም ስኳሩና ኮምጣጣነቱ ብቻ ሴልን ሊገድሉ ስለሚችሉ፣ ያንኑ ያህል ስኳርና ኮምጣጣነት ያለው ውሃ ጎን ለጎን መሞከር አለበት። ጤነኛ ሴልም እንዲሁ። ደግሞም ሙጫው ከአካባቢው ዛፍ የሚለቀም ስለ ሆነ የጭልጋውና የደባርቁ አንድ ላይሆን ይችላል፤ ቦታው፣ ወራቱና ዛፉ ካልተመዘገበ ምርመራውን ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም።

ይህ ሁሉ የመጀመሪያው ደጃፍ ብቻ ነው። ታክሶል የተባለው መድኃኒት የተገኘበት የዛፍ ቅርፊት በአሜሪካ በ1962 እ.ኤ.አ. ተሰብስቦ፣ መድኃኒቱ የተፈቀደው በ1992 ነው፤ ሠላሳ ዓመት መሆኑ ነው። ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘች እናት ግን ሠላሳ ዓመት ቀርቶ ሦስት ወር የምታባክነው የላትም። ጣዝማውን መቅመሷ ባያስወቅሳትም፣ «መጀመሪያ በእሱ ልሞክረው» ብላ ሐኪም ቤት መሄዱን ማቆየቷ ግን ሊድን የሚችለውን በሽታ የማይድን ሊያደርገው ይችላል።

የታክሶሉ ዛፍ ቅርፊቱ ሲላጥ ይሞት ነበር፤ ኋላ ከዘመዱ ዛፍ ቅጠል ማዘጋጀት ስለ ተቻለ ተረፈ። የእኛም ጣዝማ ቤቷ ሲቆፈር እጩ ይበተናል፤ መንጋውም ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ወደ ሣጥን አዛውሮ ለማኖር የተደረጉ ሙከራዎች ስላሉ፣ ለምርመራ የሚፈለገው ሙጫ ከእነዚያ ቢወሰድ ይሻላል። የመንግሥት ሠራተኞች የሆናችሁ አድማጮቼም፣ የምርምር ማመልከቻ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲያርፍ፣ በ1998 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482 ገልጣችሁ ተመልከቱ፤ የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ያለ ፈቃድ መውሰድን ይከለክላል፤ ዕውቀቱን ጠብቆ ላቆየው ሕዝብም ከሚገኘው ጥቅም ድርሻ ይሰጠዋል። ጉድጓዱን የት እንደሚያገኝ ለተመራማሪው የሚያሳየው የዳባቱ ገበሬ፣ ይህ ሕግ መኖሩን ከእናንተ ካልሰማ ከማን እንደሚሰማ አላውቅም።