የልጃችን አካልም አማና ነው



ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ሰው እንዳያየው ብለን ቤት ስንዘጋበት አካሉም አብሮ ይደክማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች፣ አካል ጉዳት ላለባቸውም ጭምር፣ በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል። ለዐስር ሶላት በየቀኑ በአንድ መንገድ በእግር ይዘነው መውጣት ጥሩ ጅማሬ ነው፤ የለመደው ነገር ያረጋጋዋልና።

ምግቡስ? ወጥ የነካው እንጀራ የሚያስለቅሰው ልጅ ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ ሽታውና ልስላሴው ከብዶት ነው። እናቶች፣ በግድ አታጉርሱት። ከሚወደው አጠገብ ጥቂት ምስር አስቀምጡለት፤ ዛሬ ባይነካው ነገም ድገሙት። «ወተትና ስንዴ ከልክሉት፣ ይድናል» የሚላችሁን ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትስሙ። ከሚበላት ጥቂት ላይ ደግሞ ምን ሊቀነስለት ነው? ሆድ ድርቀት ከያዘው ወይም ክብደቱ ከቀነሰ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።