ሥራን ስለ መለወጥ



በያዝነው ሥራ ልባችን ደስ ሳይለው ሲቀር ሌላ ሥራ እንመኛለን፤ ምኞቱም ነውር አይደለም። ነገር ግን የምንሸሸው ድካሙን ነው ወይስ በደሉን ብለን አስቀድመን ራሳችንን እንመርምር።

ቅዱስ ማቴዎስ በቅፍርናሆም ከመቅረጫው ተነሥቶ ጌታን ተከተለ፤ ቀረጥ በተቀበለበትም እጅ ወንጌልን ጻፈ። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለሐዋርያነት ከተጠራ በኋላ እንኳ በቆሮንቶስ ድንኳን መስፋቱን አልተወም (የሐዋ. 18፥3)፤ ለማንም ሸክም እንዳይሆን በእጁ ሠርቶ በላ።

እንግዲህ ሥራችን ሰውን የምንበድልበት ከሆነ ነገ ሳንል እንተወው። ሥራው ንጹሕ ሆኖ ሳለ ልባችን ወደ ሌላ ካደላ ግን፣ የምንወደውን ስንሻ የሚወዱንን ጦም እንዳናሳድር፣ በያዝነው እየታገሥን አዲሱን እንማር።

አምላካችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።