የገመና ዕዳ



የተከበራችሁ መምህራን፣ ልጆቻችሁን ለዚህ ቀን ያደረሳችሁ እናቶችና አባቶች፣ ውድ የሶሻል ወርክ ተመራቂዎች፤ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። መቀሌ፣ ዓይደር ድረስ ጠርታችሁ በፊታችሁ እንድቆም ስለፈቀዳችሁልኝ የቐንየለይ።

የሶሻል ወርክ ተማሪዎችን በመስክ ልምምድ ስከታተል ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የሠራሁት ግን አብዛኛውን አዲስ አበባ ነው። ግብዣችሁ ሲደርሰኝ፣ «እነዚህ ልጆች ያዩትን ላላየሁ ለእኔ ምን የምናገረው አለኝ?» ብዬ ተጨነቅሁ። ስለዚህ መምህሮቻችሁን አንድ ነገር ለመንኋቸው። በልምምድ ጊዜ ከጻፋችሁት የዕለት ማስታወሻ፣ ጸሐፊው እሺ ያለውን ብቻ፣ ስም ሸፍነው እንዲልኩልኝ። ላኩልኝ፤ ሁለት ሌሊት አነበብሁት። ዛሬ የምናገረው ከዚያ ንባብ የመጣ ነው።

ከመካከላችሁ አንዷ የጻፈችውን ላንሣ። እንድናገረው ፈቅዳልኛለች፤ የትኛው የተፈናቃዮች መጠለያ እንደሆነ ግን አልናገርም። ቦታው ትምህርት ቤት ነው። የመማሪያ ክፍሎቹ በጨርቅና በፕላስቲክ ተከፋፍለው ቤተሰብ ይኖርባቸዋል። ተማሪዋ ቅጽ ይዛ ገባች። የቤተሰብ ብዛት፣ የመጡበት ወረዳ፣ የጠፋ ንብረት፣ ያለባቸው ሕመም የሚል ቅጽ። በዕድሜ የገፉ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጠች፤ በትግርኛው አደይ እንበላቸው። አደይ ሦስተኛውን ጥያቄ ከመለሱ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉና፣ «አንቺስ ልጄ፣ እናትሽ ደኅና ናት?» አሏት።

ተማሪዋ እናቷን ያጣችው በትግራይ ጦርነት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ እንዲህ ቁጭ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቅጹ ላይ አለቀሰች። አደይ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉላት። የዚያን ዕለት ማስታወሻዋ የሚያልቀው፣ ማን ማንን እንደረዳ ለመምህሯ እንዴት አድርጋ ሪፖርት እንደምታቀርብ ግራ እንደገባት በመናገር ነው።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ወደሚቀጥለው ገጽ መሄድ አልቻልሁም። እኛ የተማርንባቸው መጻሕፍት ባለሙያውን ከጠረጴዛው ወዲህ፣ ተገልጋዩን ከጠረጴዛው ወዲያ ያስቀምጣሉ። ባለሙያው ጤነኛ ነው፤ ሌላኛው ቆስሏል። እናንተ ዘንድ ጠረጴዛው የለም። በጦርነቱ ባንክ ሲዘጋ የእናንተም ቤት ተዘግቷል፤ ስልክ ሲቋረጥ እናንተም ከዘመድ ተቆራርጣችኋል። ዩኒቨርሲቲው ትምህርት ሲያቆም ዕድሜያችሁ አልቆመላችሁም። ለዓመታት ተማሪዎቼን «የራሳችሁን ኀዘን በር ላይ አስቀምጣችሁ ግቡ» እያልሁ አስተምሬአለሁ። ዛሬ በፊታችሁ የምመሰክረው፣ ያ ትምህርቴ ጎዶሎ እንደነበረ ነው። በር ላይ የሚቀመጥ ኀዘን የለም፤ ሰው ይዞት ይገባል።

ይዞ መግባትና በተገልጋዩ ላይ መጫን ግን ለየቅል ናቸው። እኔ እድገት የምለውም ልጅቱ በሚቀጥለው ሳምንት ያደረገችውን ነው። መጀመሪያ ለሱፐርቫይዘሯ ሄዳ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ ያልቀበረችው ኀዘን እንዳለባትና እሷም የምታናግረው ሰው እንደሚያስፈልጋት ገለጸች። ከዚያ ወደ አደይ ተመለሰች። ቅጹን ቶሎ አላወጣችም። ከጎናቸው ተቀምጣ የሚሉትን ሰማች። አደይ ስለ በሬያቸው፣ ስለ ጎረቤታቸው፣ ጥለውት ስለመጡት ቤት አወሩላት። ቅጹ የተሞላው በሦስተኛው ጉብኝት ነው፤ በቅጹ ላይ ቦታ ያልነበረውም ብዙ ነገር በማስታወሻዋ ላይ ሰፍሯል።

ልጅቱ «ኣጆኺ» ለማለት አለመቸኮሏንም ልብ ብያለሁ። በአማርኛ «አይዞሽ»፣ በትግርኛ «ኣጆኺ» እንላለን። መልካም ቃል ነው፤ በሁለቱም ቋንቋ ሰውን ከወደቀበት አንሥቷል። ቀድሞ ሲነገር ግን አፍ ይዘጋል። ሰውየው ገና ሊናገር ሲል «አይዞህ» ካልነው፣ ነገርህን ጨርስልኝ ማለታችን ነው። ብዙ ጊዜ የምንቸኩለው ለእሱ አዝነን እንኳ አይደለም፤ መስማቱ ስለሚከብደን ነው።

ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ቤት ለልምምድ እመላለስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን መናገር ሲጀምሩ፣ «አይዞዎት እትዬ፣ ሁሉም ያልፋል» አልኋቸው። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ አይዞዎትን አቆዪውና መጀመሪያ ስሚኝ» አሉኝ። ሰማኋቸው። አራት ወር ሙሉ ሰማኋቸው። ለጎረቤት ያልነገሩትን፣ ለንስሐ አባታቸው ብቻ የተናገሩትን ለእኔ ነገሩኝ።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንን ታሪክ ክፍል ውስጥ አቀረብሁት። ስማቸውን አጥፍቻለሁ። የሰፈራቸውን ስም፣ የልጆቻቸውን ብዛትና ባለቤታቸው ያደረሱባቸውን ነገር ግን እንዳለ ተውሁት፤ ታሪኩ እንዲያምርልኝ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ በዚያው ሰፈር ዘመድ ነበረው። ሳምንታት ሳይቆይ ወሬው ዕድራቸው ዘንድ ደረሰ። ልሰናበታቸው የሄድሁ ዕለት በሩን ገርበብ አድርገው ከፈቱልኝና፣ «ገመናዬን የሰጠሁሽ እንድትከቺልኝ ነበር» ብለው መልሰው ዘጉት። ለዚያ ሥራ የተሰጠኝ ውጤት ኤ ነው። ያ ኤ ዛሬም ትራንስክሪፕቴ ላይ አለ። ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ ሰፈሩ ፈርሷል። ወዴት እንደተዛወሩ የሚነግረኝ ሰው አላገኘሁም።

ተመራቂዎች፤ በልምምድ አደግን እንላለን። እውነት ነው፤ አድገናል። ሰው ማየት፣ መታገሥ፣ ራሳችንን መመርመር ተምረናል። ግን የዚህን ትምህርት ክፍያ የከፈለው ማን ነው? እናትና አባታችሁ ከፍለዋል፤ ለዚህ ቀን ያደረሳችሁን ወጪ አውቃለሁ። ከእነሱ ሌላ ግን ስማቸው በዛሬው የምረቃ መጽሔት ላይ የማይወጣ፣ በዚህ አዳራሽ ወንበር ያልተያዘላቸው ሰዎች አሉ። እነሱ የከፈሉት በገመናቸው ነው። ያ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ደረሰኝ በተሰጣቸው ነበር።

በአገልግሎት መማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የጀመረው የዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ የያኔውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳይመረቅ ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ይልከው ነበር። አብዛኞቹ በአስተማሪነት አገለገሉ። የጎንደር የጤና ኮሌጅ ሠልጣኞቹን፣ በኋላም ጅማ ተማሪዎቹን፣ ከአዳራሽ አውጥተው ሕዝቡ መካከል አስተምረዋል። ከሰርቪስ የተመለሱት ተማሪዎች አገራቸውን እንዳወቁና ያ ዓመት እንደለወጣቸው ብዙ ጊዜ ተነግሯል። ያስተናገዳቸው ገበሬ ምን እንዳገኘ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። እኔ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት አየዋለሁ፤ ጉድለቱም ዛሬ ድረስ አብሮን አለ።

የእኛ ሙያም ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ የሶሻል ወርክ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ከአብዮቱ በኋላ ራሱን የቻለ ትምህርት መሆኑ ቀረ፤ እንደገና በማስተርስ ደረጃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ሲከፈት አብሮ የቆመው በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሶሻል ወርክ ኮሌጅ በጄን አዳምስ ስም የተሰየመ ነው። ጄን አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1889 ከጓደኛዋ ከኤለን ጌትስ ስታር ጋር የቺካጎ ስደተኛ ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ቤት ይዛ «ኸል ሃውስ» የተባለውን ማዕከል አቋቋመች። ከሦስት ዓመት በኋላ ባደረገችው ንግግር፣ እንዲህ ያለው ቤት ለድኾቹ ብቻ ሳይሆን ለተማሩት ወጣቶችም ያስፈልጋል፤ እነሱም ያለ እርሱ ጎዶሎ ናቸው ስትል ተከራከረች። እሷም ከሰፈሩ መቀበሏን አልካደችም። እኔ የማከብራት ግን ከንግግሯ ይልቅ ስለ መቆየቷ ነው፤ እስከ ሞተችበት እስከ እ.ኤ.አ. 1935 ድረስ መኖሪያዋ እዚያው ነበር።

ሁላችንም አርባ ስድስት ዓመት አንድ ሰፈር እንቀመጥ አልልም። ግን ከመሄዳችን በፊት ሌላ ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን። አዲስ አበባ ውስጥ ገዳም ሠፈር ከሚባለው መንደር ጋር የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ በመሠረተው ሽርክና፣ ነዋሪዎቹ መጀመሪያ የተጠየቁት የሚጎድላቸውን አልነበረም፤ ያላቸውን ነው። ማን ምን ያውቃል? የትኛው ዕድር ምን ያህል ሰው ያስተባብራል? ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። ተጠያቂው ቀና ብሎ ነው የሚመልሰው።

ያንኑ ጥያቄ ዓይደር ላይ ብንጠይቅስ? ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜ፣ በዚህ ሰፈር ትምህርት ቤትና በአካባቢው ላይ ከአየር ቦምብ ወረደ። ጉዳዩን ያየው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን 53 ሰዎች እንደተገደሉና 185 እንደቆሰሉ አስፍሯል፤ ከሞቱት 12ቱ፣ ከቆሰሉት 42ቱ ተማሪዎች ናቸው። ከመጀመሪያው ድብደባ በኋላ ሕፃናቱን ለማውጣት የሮጡ ወላጆችና ጎረቤቶች ነበሩ፤ አውሮፕላን ተመልሶ ሲመጣ እዚያው ነበሩ። ማንም አላሠለጠናቸውም። ከአሥር ዓመት በኋላ የሰፈሩን ስም የያዘው ትልቁ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ጥቅምት 25 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪገታ ድረስ፣ ከዚያም በኋላ፣ ሐኪሞቹና ነርሶቹ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈላቸው፣ መድኃኒት አልቆባቸው፣ ጓንት አጥበው እየደገሙ ሠርተዋል። የመቀሌ ሕዝብም ተፈናቃይ ሲመጣ ካምፕ እስኪተከል አልጠበቀም፤ ብዙው በየሰው ቤት ነው ያደረው። ዓይደር ያለው ሀብት ይህ ነው። እናንተ አገልግሎትን ወደዚህ ሰፈር አላመጣችሁም፤ እዚህ አግኝታችሁታል።

መምህራን ሆይ፤ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። ለመስክ ሥራ ውጤት ስትሰጡ የታሪኩ ክብደት አያሳስታችሁ። የባሰ መከራ ያመጣ ተማሪ የተሻለ ውጤት የሚያገኝ ከሆነ፣ እኔን የመሰሉ ተማሪዎች ታፈራላችሁ። ምን እንደሰማ ብቻ ሳይሆን ምን እንደከተተ ጠይቁት፤ ለባለቤቱም ምን እንደመለሰ።

ወላጆች፤ ልጃችሁ ከዚህ በኋላ አንዳንድ ቀን ከሥራ ዝም ብሎ ይመጣል። «ምን ሰማህ?» አትበሉት፤ ሊነግራችሁ አይችልም። እራት አቅርቡለትና አብራችሁት ተቀመጡ።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ካባችሁን ከማውለቃችሁ በፊት አንድ ቦታ እንድትሄዱልኝ እለምናችኋለሁ፤ ልምምድ ወዳደረጋችሁበት ቤት ወይም መጠለያ። 70 ካሬም ቢሆን፣ ማይ ወይኒም ቢሆን፣ እዚሁ ዓይደር ውስጥ ያለ አንድ ግቢም ቢሆን። ሰዎቹ ወደ ቀዬአቸው ተመልሰው ከሆነ የሚያውቅ ጎረቤት ጠይቁ፤ ስልክ ካላቸው ደውሉ። «ተመርቄአለሁ፤ ካስተማሩኝ አንዷ እርስዎ ነዎት» በሏቸው። በቅጹ ላይ የሞላችሁት ጉዳይ የት እንደደረሰ ንገሯቸው። የትም ካልደረሰም፣ የትም አልደረሰም ብላችሁ ተናገሩ፤ ቅጽ ሞልቶ የጠፋ ሰው አይተዋልና ተመልሶ እውነቱን የሚነግራቸው አንድ ሰው ይኑራቸው። ፎቶግራፍ አታንሡ። የነገሯችሁን ለማንም እንዳልተናገራችሁ አረጋግጡላቸው፤ ተናግራችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይቅርታ ጠይቁ። እኔ ዘግይቼ ነው የሄድሁት። የእናንተ በር ገና አልፈረሰምና ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሂዱ።